በመስቀሉና በቁርባኑ መካከል

እሑድ ጠዋት ቡሬ ውስጥ ቅዳሴ ሲያልቅ ማን እንደቆረበ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። የቆረበ ሰው አፉን በነጠላው ሸፍኖ ይወጣል። ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው፤ እናቶቻቸው አዝለዋቸው ወይም እጃቸውን ይዘው ያወጧቸዋል። ከነሱ ጋር ዲያቆናት፣ በቁርባን የተጋቡ ባልና ሚስት፣ ቆብ የደፉ እናቶችና ዕድሜ የጠገቡ አባቶች አሉ። የቀረው ሕዝብ፣ በሰማንያ ተጋብቶ ልጆች የሚያሳድገው ገበሬ፣ ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ገና ያላገባው ወጣት፣ ቆሞ አስቀድሶ፣ ጸበል ጠጥቶ፣ መስቀል ተሳልሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከቅዱስ ቁርባን ርቋል፤ ከቤተ ክርስቲያን ግን አልራቀም። ንስሐ አባት አለው፣ ማኅበር ይጠጣል፣ በሰንበቴ ተራው ሲደርስ ይደግሳል፣ ሲሞትም ይፈታል። «በሥርዓት አልተጋባህም፤ ምን ልትሠራ መጣህ?» ብሎ ከደጀ ሰላም የሚመልሰው የለም።

ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ስለ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በምዕራብ ጎጃም ከ100 ሰው ከ98 በላይ የሚሆነው ኦርቶዶክስ ነው፤ በአገር ደረጃም ካቶሊኮች 0.7 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ውስጥ ካቶሊክ ጎረቤት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ነገሩን ከዚህ የጀመርኩት የካቶሊኩን ዓለም ያናወጠው ክርክር፣ ማለትም የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ያላቸውን ምእመናን እንዴት እንቀበል የሚለው ጥያቄ፣ የጎጃም ሰው ከልጅነቱ በሚያውቀው ነገር ላይ የሚያጠነጥን ስለሆነ ነው። ሰው ኃጢአተኛ ሆኖ፣ ኃጢአቱም ኃጢአት እየተባለ፣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆኖ መኖር የሚችለው እስከ ምን ድረስ ነው?

ክርክሩ የተቀጣጠለው ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የቫቲካን የእምነት አስተምህሮ ጽሕፈት ቤት «ፊዱቺያ ሱፕሊካንስ» የተባለ ሰነድ አወጣ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አርጀንቲናዊው ካርዲናል ቪክቶር ማኑኤል ፈርናንዴዝ ፈረሙበት፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም አጸደቁት። ብዙ ሰው ጆሮ የደረሰው «ሮም ግብረ ሰዶምን ባረከች» የሚለው አጭር ወሬ ብቻ ነው። ሰነዱ የሚለው ግን ከዚያ የጠበበ ነው። ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ብቻ የሚጸና፣ የማይፈርስ ኪዳን መሆኑን ሰነዱ ደግሞ ያረጋግጣል። ከዚህ ኪዳን ውጭ ያለ ሩካቤ ኃጢአት ነው የሚለውም ትምህርት አልተነካም። አዲሱ ነገር ይህ ነው፦ ፈትተው እንደገና የተጋቡ ሰዎች ወይም የአንድ ጾታ ጥንዶች ካህን ፊት ቀርበው «ይባርኩን» ቢሉ፣ ካህኑ ያለ ሥርዓተ ጸሎት፣ ሰርግ የሚመስል ልብስና ድግስ ሳይኖር፣ ከማዘጋጃ ቤት ፊርማም ጋር ሳያያይዘው ሊባርካቸው ይችላል። ሁለት ሳምንት አልፎት በወጣው ማብራሪያ እንዲህ ያለው ቡራኬ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ እንደሚፈጅ ጭምር ተገልጿል።

የጎጃም ሰው 15 ሰከንድ የሚፈጅ ቡራኬን ከማንም በላይ ያውቃል። በገበያ ቀን ከቡሬ በሚወጣው መንገድ ላይ አንድ ቄስ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ሲያልፉ፣ ከኋላም ከፊትም ያለው ሰው ጎንበስ እያለ ይቀርባል። ቄሱ መስቀላቸውን ከቀሚሳቸው አውጥተው ግንባሩን ያስነኩታል፣ ያሳልሙታል፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉታል፤ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ሰውየው ማንን እንዳገባ፣ በሚዛን ማጭበርበሩን፣ ሌሊት የት እንዳደረ አይጠይቁም። መስቀሉን የሚሳለመው ኃጢአተኛ ስለሆነ ነው። «ሠራህ፣ አበጀህ» ማለት እንዳልሆነ ቄሱም ተሳላሚውም ያውቁታል። ሮም በብዙ ገጽ ልታስረዳ የደከመችበት ነገር፣ ቡራኬ የምስክር ወረቀት አይደለም የሚለው፣ በጎጃም መንገድ ላይ ያለ ማብራሪያ ይሠራበታል።

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ የአፍሪካ ጳጳሳት ቁጣም የመጣው ከዚህ ልዩነት ይመስለኛል። የቄሱ መስቀል የሚነካው አንድ ግንባር ነው። ባልና ሚስት አብረው ቢመጡ እንኳ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ይሳለማል። ሁለት ሰዎች በሁለትነታቸው ቀርበው፣ ራሳቸው ላይ ባንድነት እጅ ተጭኖ፣ ሕዝብ እያየ የሚባረኩት በጋብቻ ጊዜ ነው። የሮም ሰነድ «ጥንዶች» የሚለውን ሲያስገባ የነካው ይህንን ነው። ሰነዱ ግንኙነቱን ሳይሆን ሰዎቹን እንባርካለን ይላል፤ የሩቅ ተመልካች ግን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ሲባረኩ ካየ ሰርግ እንዳየ ይቆጥረዋል። ምእመኑ ይህን ቢል አልተሳሳተም። ሥርዓት በዓይን የሚነበብ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የካቶሊክ ትምህርት ስለ ኃጢአት የሚለውን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በሁለቱም ወገን ብዙ ጩኸት የሚሰማው ትምህርቱን ሳያነቡ ነው። ትምህርቱ ሰው የሚሰማውን ከሚያደርገው ይለያል። አንድ በደል የሞት ኃጢአት የሚሆነው ነገሩ ከባድ ሲሆን፣ ሰውየው ከባድነቱን ሲያውቅ፣ አውቆም በሙሉ ፈቃዱ ሲያደርገው ነው። ስለዚህ ዝንባሌ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ የሚጠየቁበት ድርጊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ይህን ጉዳይ በሦስት ተከታታይ ቁጥሮች ይዞታል። ቁጥር 2357 ድርጊቱ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር የሚጋጭና በምንም መልኩ ሊጸድቅ የማይችል መሆኑን ይናገራል። ቁጥር 2358 ዝንባሌው ያላቸው ሰዎች በአክብሮትና በርኅራኄ መቀበል እንዳለባቸው፣ ያለ አግባብ የሚያገልላቸውን ነገር ሁሉ ማስወገድ እንደሚገባ ያዛል። ቁጥር 2359 ራሳቸውን ገዝተው በንጽሕና እንዲኖሩ ይጠራቸዋል።

ሦስቱ አንድ ትምህርት ናቸው። ሰው ግን የሚስማማውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። አሜሪካዊው ኢየሱሳዊ ካህን ጄምስ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያንና እነዚህ ምእመናን በመካከላቸው ድልድይ እንዲሠሩ ሲጠይቁ በዋናነት የቆሙት በመካከለኛው ቁጥር ላይ ነበር። በዚያው ዓመት የጊኒው ተወላጅ ካርዲናል ሮበርት ሣራ በዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ መለሱላቸው፤ ምእመናን እውነቱን ሙሉውን የመስማት መብት አላቸው፣ ከትምህርቱ የከበደውን ክፍል መደበቅ ፍቅር አይደለም፣ በንጽሕና ለመኖር የሚታገሉትም ሊሰሙ ይገባል አሉ። በዚህ ነጥብ ከካርዲናሉ ጋር እስማማለሁ፤ ትምህርቱን ሸፍኖ «ና ግባ» ማለት ሰውየውን ማታለል ነው። ይሁን እንጂ አባ ማርቲን የጠየቁት ጥያቄ አልተመለሰም፦ ይህ ሰው ወደ ቁምስናው በመጣ ቀን ምን አደረጋችሁት?

በሰማንያ ከተጋባው ገበሬ ጋር ማነጻጸሩም እዚህ ላይ ይሰበራል። ገበሬው ነገ ከሚስቱ ጋር ንስሐ ገብቶ መቍረብ ይችላል፤ መንገዱ ያው ፊቱ ነው፣ ብዙዎችም በእርጅና ይሄዱበታል። የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ላለው ሰው ግን ትምህርቱ ግንኙነቱን በሥርዓት የሚያስተካክልበት መንገድ አያሳየውም፤ የሚያሳየው ብቻውን መኖርን ነው። ይህ የማንም ጎረቤቱ የማይሸከመው ሸክም ነው። እንዲህ ያለ ሸክም የሚጭን ቤት ከሌሎቹ ልጆቹ ይልቅ ለዚህኛው መጠንቀቅ እንዳለበት አምናለሁ። ብቻህን ኑር የተባለ ሰው ጓደኛ፣ ማኅበር፣ የሚጠይቀው ካህን ያስፈልገዋል።

ቤተ ክርስቲያን በጋብቻ ሥርዓቷ አልጣጣም ያላትን ሰው እንዴት እንደያዘች ለማየት ጎጃም የራሱ ታሪክ አለው። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይን አየ። ስለ ፓኤዝ በብዛት የሚወራው ይህ ነው፤ ለዚህ ምዕራፍ የሚበልጠው ግን ከአራት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። የጎጃም ገዥ የነበረው የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ቀድሞ ካቶሊክ ሆኗል። ንጉሡም ልቡን ወደ ሮም ካዘነበለ ዓመታት አልፈዋል፤ ነገር ግን ብዙ ሚስቶች ነበሩት። ፓኤዝ በነዚያ ዓመታት ሁሉ ከቤተ መንግሥቱ አልራቀም። ከንጉሡ ጋር ተቀምጦ መከረ፣ አስተማረ፣ ሕንጻ ሠራለት። በ1622 መጀመሪያ ሱስንዮስ ከመጀመሪያዪቱ በቀር ሌሎቹን ሚስቶች አሰናብቶ ለፓኤዝ ተናዘዘ፤ ካቶሊክ መሆኑንም በይፋ ገለጠ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት በግንቦት ሞተ። የተሰናበቱት ሴቶች ምን እንደደረሰባቸው የሚጠይቅ ሰው መኖር ነበረበት፤ ታሪኩ የተነገረው ግን በንጉሡና በካህኑ በኩል ነው።

ቀጥሎ የመጣው ኢየሱሳዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ እንደ ፓኤዝ አልጠበቀም። በ1625 ደረሰ፤ በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ታማኝነታቸውን በይፋ ማሉ። ከዚያ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ ቅዳሜን ማክበር ይቅር ተባለ። ያልተቀበለ በንጉሡ ወታደር ተቀጣ። ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ። ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ኢየሱሳውያንም ተባረሩ። ፓኤዝና ሜንዴዝ በእምነት አንድ ነበሩ፤ የካዱት ወይም የጨመሩት የሃይማኖት አንቀጽ የለም። የተለያዩት አንዱ ሰውን በትዕግሥት ሲጠብቅ ሌላው በጎራዴ ሲያስገድድ ነው። የንስሐ ጉዳይ የዘበኛ ጉዳይ ሲሆን የሚመጣውን ይህ አገር በደሙ ከፍሎ አውቆታል።

ያ ዘመን ለኢትዮጵያ ካቶሊኮች የተወው ጠባሳ አለ። ከውጭ የመጣ ነገር ተደርገው እንዲታዩ ሆነዋል። የመርጡለ ማርያሙ መነኩሴና ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል፣ የጎጃም ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 ካቶሊክ ስለሆነ ታስሮ፣ ተገርፎ፣ በ1855 በእስር እንዳለ ሞተ። ሮም በ1926 ብፁዕ ብላ ሰይማዋለች። በ2007 ዓ.ም. የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ሲቋቋም፣ አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስም የመጀመሪያው ጳጳስ ሲሆኑ፣ የተረከቡት ምእመን በኦርቶዶክስ ባሕር ውስጥ ያለች ጠብታ ነው። ቅዳሴው በግእዝ ነው፣ ጾሙና መስቀሉ የጎረቤቱ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ከሮም በሚመጣ አንድ ወረቀት ምክንያት «ይኸው፣ እንዳልነው» ሲባል ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። የግብፅ ኮፕት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በዚሁ ጉዳይ የተነሣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከሮም ጋር የነበራትን የሥነ መለኮት ውይይት አቋርጣለች።

ስለዚህ የአፍሪካ ጳጳሳት መልስ ፈጣን መሆኑ አያስደንቅም። ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም. የኪንሻሳው ካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎ በአፍሪካና በማዳጋስካር የጳጳሳት ጉባኤያት ስም፣ የአንድ ጾታ ጥንዶችን ቡራኬ በአፍሪካ ቤተ ክርስቲያናት እንደማይፈጽሙ በደብዳቤ አሳወቁ። ደብዳቤውን ያወጡት ሮም ሄደው ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ከካርዲናል ፈርናንዴዝም ጋር ተስማምተው ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በኋላ አፍሪካ በባህሏ የተለየች መሆኗን ተናግረው ነገሩን አሳለፉት። እኔ የዚህን ደብዳቤ አንድ ክፍል ሰው እንዲያነበው እመኛለሁ። ቡራኬውን እምቢ ያለው ይኸው ደብዳቤ፣ ዝንባሌው ያላቸው ሰዎች በክብር እንዲያዙ፣ መንፈሳዊ እንክብካቤም እንዳይነፈጋቸው ያስገነዝባል። «አይሆንም» የሚለው ክፍል በየዜናው ተሰምቷል። ይኸኛው ግን እንዲያ አልተሰማም።

በኢትዮጵያም የሆነው እንዲሁ ነው። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ግብረ ሰዶምን የሚቃወም የአቋም መግለጫ አወጡ፤ ክልከላው በሕገ መንግሥቱ እንዲገባም ሕግ አውጪዎችን ጠየቁ። በጊዜው የወንጀል ሕጉ ድርጊቱን ከልክሎ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በቀላል እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ ማክበጃ ሲኖር ደግሞ አንቀጽ 630 ቅጣቱን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሰዋል። ብዙ ጊዜ ተነጣጥለው የቆሙ ሃይማኖቶች አንድ ላይ የተሰለፉት ሕግ አውጪውን የበለጠ አጥብቅ ለማለት ነበር።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በጥር 2015 ዓ.ም. ለአሶሺየትድ ፕሬስ በሰጡት ቃለ ምልልስ ይህን ነጥብ በቀጥታ ነክተውታል። ኃጢአት ነው የሚለውን ሳይለውጡ፣ ኃጢአትና ወንጀል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ ሰውን በዚህ ምክንያት የሚያስሩ ሕጎች ኢፍትሐዊ መሆናቸውን ተናገሩ፤ እንዲህ ያሉ ሕጎችን የሚደግፉ ጳጳሳት ራሳቸው ልብ መመለስ እንደሚያስፈልጋቸው አከሉ። ለሌላው ፍቅር ማጣትም ኃጢአት መሆኑን አስታወሱ። ይህ ንግግር ለእኛ አገር ካቶሊክ ከቡራኬው ሰነድ ይልቅ ይከብዳል ብዬ አስባለሁ። ሰነዱ አፍሪካ ውስጥ ሥራ ላይ ላይውል ይችላል። ይኸኛው ግን ሕጉን የደገፈ ጳጳስ ሁሉ ለራሱ መልስ የሚሰጥበት ነው። ከሳቸው በኋላ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የተመረጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 14ኛም ትምህርቱ በቅርቡ ይለወጣል ብለው እንደማያስቡ፣ ሰውን መቀበል ግን እንደሚቀጥል ገልጸዋል። እንግዲህ የሚጠበቀው የትምህርት ለውጥ አይደለም።

ታዲያ በተግባር ምን ይቀራል? ኑዛዜ ይቀራል። አንድ ወጣት፣ ቡሬ ይሁን ባሕር ዳር፣ ስለ ራሱ ለማንም ያልተናገረውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊናገር የሚችለው ለካህን ነው። ለአባቱ ቢናገር ከቤት ይባረራል፤ ለጓደኛው ቢናገር ወሬው ከሱ ቀድሞ ሠፈር ይደርሳል፤ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ካርድ የምታወጣው የአክስቱ ልጅ ልትሆን ትችላለች። በትንሽ ከተማ ምስጢር የሚቀመጥበት ቦታ ጥቂት ነው። ንስሐ አባትነት በጎጃም እስከ ዛሬ ጸንቶ የቆየው ከዚያ ጥቂት ቦታ አንዱ ስለሆነ ነው። በካቶሊክ በኩል ይህ ጥበቃ በሕግ ተጽፏል፦ የግእዝ ሥርዓት የሚከተሉ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች የሚተዳደሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 1456 የንስሐን ምስጢር በቀጥታ ያወጣ ካህን በታላቁ ውግዘት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ፖሊስ ቢጠይቀው፣ ወላጅ ቢያለቅስበት፣ አለቃው ቢያዘው ለካህኑ መውጫ የለውም።

ካህኑ ለዚህ ወጣት ምን ይለዋል? በትምህርቱ መሠረት ድርጊቱ ኃጢአት መሆኑን ይነግረዋል። ቀኖና ይሰጠዋል፤ ጾምና ስግደት ያዘዋል። ግን በዚያው አፉ የሚሰማህ ነገር ብቻውን አያስኮንንህም፣ ከዚህ ቤት ማንም አያስወጣህም፣ በሳምንቱ ተመለስ ሊለውም ይችላል፤ ይህም ትምህርቱ ነው። ወጣቱ ወድቆ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ፣ በሚዛኑ ያጭበረበረውን ነጋዴ እንደሚቀበለው፣ ለሰባተኛ ጊዜ የሰከረውን ባል እንደሚቀበለው ይቀበለዋል። ለዚህ ከሮም አዲስ ሰነድ አያስፈልገውም።

የሚያስፈልገው ወጣቱ ወደ ኑዛዜው እንዲመጣ መድፈሩ ነው። በመድረክ ላይ ስለሱ ዓይነት ሰው የሚሰማው ሁሉ እርግማን ከሆነ፣ የኑዛዜው መንበር ስር ምሕረት እንዳለ በምን ያውቃል? ቁጥር 2357ን ከመድረክ የሚሰብክ ካህን ያንኑ ቀን፣ ያንኑ ሕዝብ ፊት፣ ቁጥር 2358ንም ሊያነብ ይገባል። የአፍሪካ ጳጳሳትም በዚያ ደብዳቤ ሁለቱን አብረው ጽፈዋቸዋል፤ ካርዲናል አምቦንጎም በስማቸው ፈርመውበታል።